ሙቀት የሠራ ሞተር፦ ያገለገለ የቤንዚን የቤት አውቶሞቢል ሲገዛና መድን ሲገባለት የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ዘይት መለካትን፣ ጎማ ማየትን፣ ፍሬን መሞከርንና ሊብሬውን ከሻጩ መታወቂያ ጋር ማስተያየትን ያውቃል ብዬ እነሣለሁ። ተገዝተው ብዙም ሳይቆዩ ወደ ጋራዥ ከሚመጡት የቤት አውቶሞቢሎች መካከል በብዛት የማያቸው አንድ ዓይነት ታሪክ ያላቸው ናቸው፤ ሞተሩ በቀድሞው ባለቤት እጅ ሙቀት ሠርቷል (ከልክ በላይ ሞቋል)፣ ጉዳቱ በርካሽ ዘዴ ተሸፍኗል፣ ገዢው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ተገልጧል፣ በመጨረሻም ገዢው «ሙሉ ሽፋን አለኝ» ብሎ ወደ መድን ሰጪው ሄዶ ባዶ እጁን ተመልሷል። ስለዚህ አብዛኛው ጽሑፍ ስለዚሁ ብልሽት ነው።

ውሃ ይጎድላል፣ የሚፈስበት ግን አይታይም

ምልክቱ ይህን ይመስላል። የራዲያተሩ ውሃ በየጥቂት ቀኑ ይቀንሳል፤ መኪናው ባደረበት መሬት ላይ ግን ጠብታ የለም። ጠዋት ሲነሣ ሞተሩ ለጥቂት ሰከንድ እየተንቀጠቀጠ ይሠራና ወዲያው ይስተካከላል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላም ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ አይቋረጥም። ዳገት ሲወጣ የሙቀት መርፌው ከፍ ይላል፣ የማሞቂያው አየር ግን በተቃራኒው ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ ጠዋት ላይ ከጭስ ማውጫ ለጥቂት ደቂቃ የሚወጣ እንፋሎት ጤናማ ነው፤ በእሱ መደናገጥ አያስፈልግም።

መንስኤው የቴስታታ ጓርኒሲዮን መቃጠል ነው፤ ቴስታታ ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተሩ ክፍል ሲሆን፣ ጓርኒሲዮኑ በእሱና በሞተሩ አካል መካከል የሚገባው ስስ ማሸጊያ ነው። ቴስታታው ከአሉሚኒየም የተሠራ በመሆኑ ሞተሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ ይጣመማል፤ ጓርኒሲዮኑም በማቃጠያው ክፍልና በውሃው መተላለፊያ መካከል ይበላል። ሞተሩ ሲሠራ የተቃጠለው ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ግፊቱን ያበዛና ውሃውን በክዳኑ በኩል ገፍቶ ያስወጣዋል፤ ሞተሩ ጠፍቶ ሲያድር ደግሞ ውሃው በዚያው ቀዳዳ ወደ ሲሊንደሩ ይሰርጋል። የጠዋቱ መንቀጥቀጥ የሚመጣው ከዚህ ነው።

መጀመሪያውኑ ሙቀት እንዲሠራ ያደረገው ነገር ግን ብዙ ጊዜ በጣም ርካሽ ዕቃ ነው፤ የላላ የራዲያተር ክዳን፣ የተጣበቀ ተርሞስታት (የውሃውን መተላለፊያ እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋ ዕቃ)፣ የማይሽከረከር ፋን፣ ወይም በዝገት የተደፈነ ራዲያተር። አንድ ባር ገደማ ግፊት የሚይዝ ጤነኛ ክዳንና ከውሃ ጋር እኩል ለእኩል የተቀላቀለ ኩላንት (የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ያለው መኪና ውሃው እስከ 125 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ሊቆይ ይችላል። ክዳኑ ከላላና የተሞላው የቧንቧ ውሃ ብቻ ከሆነ ግን በ100 ዲግሪ፣ በከፍታ ቦታ ደግሞ ከዚያም በታች ይፈላል። ዋጋው ከአንድ ጎማ የማይደርስ ክዳን መግዛት ያሳቀቀው ሰው ሙሉ ሞተር የሚከፍልበት ምክንያት ይኸው ነው።

ከብልሽቱ ይልቅ የሚያናድደው መሸፈኛው ነው። ተርሞስታቱን አውጥቶ መጣል፣ ፋኑን በቀጥታ ከባትሪ አገናኝቶ ሁልጊዜ እንዲዞር ማድረግ፣ በራዲያተሩ ውስጥ የፍሳሽ መድፈኛ መጨመር፣ የሞተሩን የማስጠንቀቂያ መብራት በኮምፒውተር አጥፍቶ ማስረከብ፤ ሁሉንም በአንድ መኪና ላይ ያየሁበት ጊዜ አለ። መድፈኛው ቀዳዳውን ለጥቂት ሳምንት ይዘጋል፤ ከዚያ የራዲያተሩንና የማሞቂያውን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍንና ሁለተኛ ችግር ይፈጥራል። ስለዚህ የራዲያተሩ ክዳን ውስጥ ቡናማ ጭቃ ወይም የሚያብረቀርቅ ቅንጣት ካያችሁ ሻጩ የሚነግራችሁን ማብራሪያ ለመስማት ጊዜ አታጥፉ።

በመርፌውም አትታመኑ። በብዙ መኪኖች የዳሽቦርዱ ጌጅ እያንዳንዱን ዲግሪ አያሳይም፤ ከ80 እስከ 105 ዲግሪ ገደማ ባለው ሙቀት ሁሉ መርፌው መሃል ላይ እንዲቆም ተደርጎ የተሠራ ነው። መርፌው ተነሥቶ ስታዩት ነገሩ አልፏል። እውነተኛውን ቁጥር የሚያሳየው የኮምፒውተር መመርመሪያ ነው፤ ረጅም መንገድ ተነድቶ ከ75 ዲግሪ የማያልፍ ሞተር ተርሞስታቱ ወጥቶ ሊሆን ይችላል።

ፍተሻው የሚጀምረው ከቀዝቃዛ ሞተር ነው፤ ይህን በፍጹም አትደራደሩበት። አንድ ሻጭ መኪናውን ለማሳየት በመጣ ቁጥር «ትንሽ ዞሬበት ነው» እያለ ሞተሩን አሙቆ ያቀርበው ነበር፤ ገዢው ሳይናገር በማለዳ እቤቱ ደርሶ ሲያስነሣው ሞተሩ እንደ ወፍጮ ተንጓጓ። ኮፋኑን ክፈቱና እጃችሁን ሞተሩ ላይ አሳርፉ፤ ለብ ካለ ሌላ ቀጠሮ ያዙ። ክዳኑን የምትከፍቱትም ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ብቻ ነው። የጋለ ራዲያተር ክዳን መክፈት ፊትና እጅን ያቃጥላል፤ በጨርቅ ይዞ መክፈትም፣ በመጀመሪያው ጥርስ ላይ ማቆምም መፍትሄ አይደለም፤ ጠብቁ።

ሞተሩ ከተነሣ በኋላ የራዲያተሩን የላይኛውን ቱቦ ጨብጡ። ገና ሳይሞቅ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ጋዝ እየገባ ነው። በክዳኑ አፍ ላይ የሚወጣው አረፋ መጀመሪያ ላይ የቀረ አየር ሊሆን ይችላል፤ ሳያቋርጥ ከቀጠለ ግን አየር አይደለም። ካንዴላዎቹን (በየሲሊንደሩ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን) አውጥታችሁ አስተያዩ፤ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ታጥቦ የነጣ ከሆነ ያ ሲሊንደር ውሃ ይጠጣል። ከዘይት መሙያው ክዳን ሥር ያለ ነጭ ቅባት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ አጭር አጭር መንገድ የሚሄድ መኪናም ያንን ያመጣል፤ በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ከታየ ግን ነገሩ ያበቃ ነው። መደምደሚያውን የሚሰጠው በራዲያተሩ አፍ ላይ የሚቀመጠው የጋዝ መመርመሪያ ሰማያዊ ፈሳሽ ነው፤ በቤንዚን ሞተር ላይ የተቃጠለ ጋዝ ሲያገኘው ወደ ቢጫ ይለወጣል። መሣሪያው ውስጥ የራዲያተር ውሃ እንዳይገባ ተጠንቀቁ፤ ከገባ ውጤቱ አይታመንም። የየሲሊንደሩ ግፊትም ከተለካና ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች ብቻ ዝቅ ብለው ከተገኙ ጓርኒሲዮኑ የተበላው በመካከላቸው ነው።

መፍትሄው ጓርኒሲዮን መቀየር ብቻ አይደለም። ቴስታታው ሲወርድ ጠፍጣፋነቱ በቀጥ ብረትና በስስ መለኪያ ይለካል፤ ብዙ አምራቾች የሚፈቅዱት መጣመም 0.05 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ካለፈ በማሽን ይላጋል፣ ስንጥቅ እንዳለውም በግፊት ይፈተሻል። ቴስታታውን የሚያስሩት፣ አንዴ ሲጠብቁ የሚሳቡ ብሎኖች ድጋሚ አይታሰሩም፤ በአዲስ ይተካሉ፣ በአምራቹ ቅደም ተከተልና ልክ ብቻ ይጠብቃሉ። አንድ ባለቤት ጓርኒሲዮኑን ደጋግሞ አስቀይሮ በየጊዜው ሲበላበት መካኒኩን ቀያየረ፤ ችግሩ የፋኑ ሪሌይ (ለፋኑ ኤሌክትሪክ የሚያበራና የሚያጠፋ ዕቃ) ነበር፣ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። መነሻው ሳይገኝ ጓርኒሲዮን የሚገጥም ሰው ለቀጣዩ ብልሽት ቀጠሮ እየያዘ ነው። ስሙ በማይነበብ ማሸጊያ የሚሸጥ ጓርኒሲዮንም አትግዙ፤ የጉልበቱ ዋጋ ከዕቃው ስለሚበልጥ የሚተርፍ ነገር የለም።

መኪናው ገና ካልተገዛ መፍትሄው አጭር ነው፤ የሙሉ ሥራው ወጪ ከዋጋው ካልተቀነሰ ተዉት።

ሌሎቹን በአጭሩ

አድሮ ሲነሣ ብቻ የሚወጣ ሰማያዊ ጭስ የባልቦላ ጎሚኒ (ዘይት ወደ ሲሊንደሩ እንዳይወርድ የሚይዝ የጎማ ማሸጊያ) መድረቅ ነው፤ ነዳጅ ሲረገጥ የሚወጣው ግን የፒስተን ፋሻ (በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ቀለበት) መበላት ነውና ወጪው ከባድ ነው። የሞተሩ የማስጠንቀቂያ መብራት ጠፍቶ ኮምፒውተሩ የራስ ፍተሻዎቹ «አልተጠናቀቁም» ካለ ስሕተቱ በቅርቡ ተሰርዟል፣ ወይም ባትሪው ተነቅሏል፤ ለጥቂት ቀን ነድታችሁ ሳታዩ አትክፈሉ። ከሁሉም መስታወቶች አንዱ ብቻ የተለየ ዓመት ከተጻፈበት ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል ምክንያቱን ጠይቁ። የሻንሲ ቁጥሩ በብዙ መኪኖች 17 ፊደልና አኃዝ ነው፤ በሻንሲው፣ በዳሽቦርዱና በሊብሬው ላይ አንድ ካልሆነ ወይም የተፋቀ ከመሰለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

የመድን ጥያቄው ውድቅ ሆነ፣ ወይም ክፍያው አነሰ

መጀመሪያ ሞተሩ ነው። ሙሉ ሽፋን የሚባለው ውል በተለምዶ ግጭትን፣ ስርቆትንና እሳትን ይሸፍናል፤ እርጅናን፣ መበላትንና የሜካኒክ ብልሽትን አይሸፍንም። ሙቀት ሠርቶ የተገዛ ሞተር ደግሞ ሲገዛም የተበላሸ ነው። አንድ አሽከርካሪ ፊት ለፊት ተጋጭቶ ራዲያተሩ ተቀደደበት፤ እሱ ግን ቤቱ ቅርብ ነው ብሎ መርፌው ቀይ ላይ ሆኖ ነዳ። መድን ሰጪው ራዲያተሩንና ፓራውልቱን (የፊት መከላከያውን) ከፈለ፣ ሞተሩን አልከፈለም፤ ምክንያቱም ሞተሩን የገደለው ግጭቱ ሳይሆን ከግጭቱ በኋላ መንዳቱ ነበር። ከግጭት በኋላ ሞተሩን አጥፉ፣ መኪናውን አስጎትቱ፣ ሳትጠግኑ አስታውቁ።

ሁለተኛው የግምቱ ዋጋ ነው። አረቦን (ለመድኑ የሚከፈለውን ክፍያ) ለመቀነስ መኪናውን ከሚያወጣው 60 በመቶ ብቻ አስመዝግቦ መድን የገባ ሰው፣ ብዙ ውሎች በሚይዙት የአነስተኛ መድን አንቀጽ መሠረት ከማንኛውም ከፊል ጉዳት የሚያገኘው 60 በመቶውን ነው፤ ከዚያም ላይ የራስ ድርሻው (ባለመኪናው ከራሱ ኪስ የሚሸፍነው መጠን) ይቀነሳል። አስበልጦ ማስመዝገብም አይጠቅምም፤ መኪናው ሙሉ በሙሉ ሲወድም በብዙ ውሎች የሚከፈለው ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ ያለው የገበያ ዋጋ ነው። ውሉ በሚታደስበት ጊዜ ሁሉ ዋጋውን ከገበያው ጋር አስተካክሉ።

ሦስተኛው የስም ጉዳይ ነው። መድን ከሰው ጋር የሚደረግ ውል ስለሆነ የሻጩ ውል መኪናው በመሸጡ ብቻ ወደ ገዢው ይተላለፋል ብሎ መገመት አደገኛ ነው። መድን ሰጪው በጽሑፍ ካልተስማማ ገዢው ያለ ሽፋን እየነዳ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ቁልፉን ከመረከባችሁ በፊት የራሳችሁ ውል መጀመሪያ ቀንና ሰዓት እንዲጻፍ አድርጉ። በማመልከቻው ላይ መኪናው ለግል እንጂ ለኪራይ የማይውል መሆኑን፣ ማን ማን እንደሚነዳውና ከዚህ በፊት ምን ጉዳት እንደደረሰበት በትክክል ሙሉ። የነበረውን ጭረትና ጉድጓድ ሁሉ ውሉ በተፈረመበት ቀን ፎቶ አንሥታችሁ ከሻንሲ ቁጥሩና ከኪሎ ሜትር ቆጣሪው ፎቶ ጋር ለመድን ሰጪው ላኩ፤ ቅጂውንም ከውሉ ጋር አኑሩ።