ከቤት ጋር የተያያዘ ጋራዥን ከሌባ እንዴት መጠበቅ ይቻላል

በሰሜን ቨርጂኒያና በሜሪላንድ፣ ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩባቸው ሰፈሮች፣ ብዙ ታውንሃውሶች (ጎን ለጎን ተያይዘው የተሠሩ ባለ ፎቅ ቤቶች) ጋራዣቸው ከመኖሪያው ፎቅ ሥር የተሠራ ነው። ቤተሰቡ ከሥራና ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚገባው በዋናው በር ሳይሆን በዚሁ በጋራዡ በኩል ነው፤ ከጊዜ ብዛትም ጋራዡ እንደ አንድ የቤቱ ክፍል እየተቆጠረ ይሄድና ከእርሱ ወደ ቤት የሚያስገባው ትንሽ በር ሳይቆለፍ ማደር ይጀምራል። ይህ ቸልታ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም ትልቁን በር አልፎ የገባ ሰው በሩን መልሶ ከዘጋው በኋላ ከመንገድ የሚያየው የለም፤ የሚያስፈልገውን መዶሻና ካቻቪቴም የሚያገኘው እዚያው ባለቤቱ ካስቀመጠበት መደርደሪያ ላይ ነው። ስለዚህ ጋራዥን የማጠናከር ሥራ መጀመር ያለበት ከውስጠኛው በር ነው ብዬ አምናለሁ።

ደረጃ 1፦ የውስጠኛውን በር ማጠናከር

በመጀመሪያ በሩን በጣትዎ አንኳኩተው ውስጡ ድፍን ወይም ባዶ መሆኑን ይለዩ። አብዛኞቹ ግዛቶች የሚከተሉት የመኖሪያ ቤቶች የግንባታ ደንብ በጋራዥና በቤት መካከል የሚገጠም በር ቢያንስ 35 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ድፍን እንጨት ወይም ብረት፣ አለዚያም ለ20 ደቂቃ እሳትን የሚቋቋም እንዲሆን ይጠይቃል። ደንቡ የወጣው ለእሳት ታስቦ ቢሆንም እንዲህ ያለው በር ለሌባም በቀላሉ አይበገርም። የቀድሞው ባለቤት በሩን በቀላል የመኝታ ቤት በር ተክቶት ከሆነ ወይም ለድመት መውጫ ብሎ ከሥሩ ቀዶት ከሆነ፣ ሌላውን ሁሉ ከመሥራትዎ በፊት በሩን ይለውጡ።

ቀጥሎ እጀታው ላይ ካለው ቁልፍ በተጨማሪ ዴድቦልት፣ ማለትም ሲዞር ድፍን ብረት ወደ መቃኑ የሚወረውር ቁልፍ፣ ያስገጥሙ። የሚወረወረው ብረት አንድ ኢንች ያህል ወደ መቃኑ የሚገባ መሆን አለበት፤ በአሜሪካ ቁልፎች ከ1 እስከ 3 ደረጃ የሚሰጣቸው ሲሆን ከሁሉም ጠንካራው ደረጃ 1 ነው። ሆኖም በር በርግጫ ሲሰበር ብዙ ጊዜ የሚለቀው ቁልፉ ሳይሆን መቃኑ ነው። መቃኑ ላይ ያለው የቁልፍ መቀበያ ብረት በአብዛኛው የሚታሰረው በአጫጭር ብሎኖች ስለሆነ፣ እነርሱን ነቅለው ከመቃኑ በስተጀርባ ያለውን የግድግዳ እንጨት በሚነክሱ የ3 ኢንች ብሎኖች ይተኳቸው። የማጠፊያዎቹንም ብሎኖች በዚሁ መልክ ይለውጡ። ዋጋው የጥቂት ዶላር፣ ጊዜውም የአንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ከዚህ ባነሰ ወጪ ይህን ያህል ጥቅም የሚሰጥ ሥራ አላውቅም።

ከቤት በኩል ያለው የዴድቦልቱ ገጽ ግን በእጅ የሚዞር እንጂ ቁልፍ የሚጠይቅ አይሁን። እሳት ቢነሳ ልጆች በጭስ ውስጥ ቁልፍ ሊፈልጉ አይገባም።

ደረጃ 2፦ የሞተሩንና የሪሞቱን ዕድሜ ማወቅ

ወደ ትልቁ በር ይሂዱና ከታች፣ ከበሩ ግራና ቀኝ፣ ከወለሉ ከ6 ኢንች ባልበለጠ ከፍታ ትይዩ የሆኑ ሁለት ትናንሽ የብርሃን ዳሳሾች መኖራቸውን ይመልከቱ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1993 መባቻ ጀምሮ በአሜሪካ ለቤት ጋራዥ የሚሠሩ ሞተሮች በሩ ሰው ላይ እንዳይዘጋ የሚከላከል መሣሪያ እንዲኖራቸው በፌዴራል ሕግ ይገደዳሉ። እነዚህ ዳሳሾች ከሌሉ ሞተሩ ከዚያ በፊት የተሠራ ሊሆን ስለሚችል፣ ለደህንነትም ሆነ ለልጆች ሲባል ጊዜው አልፏል።

ከዚያም የሪሞቱን የባትሪ ክዳን ይክፈቱ። ወደ ላይና ወደ ታች የሚገፉ ከ8 እስከ 12 የሚደርሱ ጥቃቅን ማብሪያዎች በረድፍ ካዩ፣ ሪሞቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ኮድ የሚልክ የድሮ ዓይነት ነው። 12 ማብሪያ ያለው እንኳ ሊፈጥር የሚችለው ኮድ 4,096 ብቻ ነው። አሜሪካዊው የኮምፒውተር ደህንነት ተመራማሪ ሳሚ ካምካር በ2015 አንድን የልጆች መጫወቻ አሻሽሎ እንዲህ ያሉ በሮችን ከ10 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ መክፈት እንደሚቻል በይፋ አሳይቷል። በአንጻሩ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተስፋፉት ሞተሮች በተጫኑ ቁጥር ኮዳቸውን ስለሚቀያይሩ በዚህ ዘዴ አይከፈቱም። የእርስዎ የድሮው ዓይነት ከሆነ ማስተካከል ሳይሆን መለወጥ ነው የሚያዋጣው።

ሞተሩ ዘመናዊ ቢሆንም ቤቱን ከሌላ ሰው የገዙ ወይም የተከራዩ እንደሆነ፣ በገቡበት ቀን የቆዩትን ሪሞቶች በሙሉ ከሞተሩ ያጥፉ። በቻምበርሌይንና በሊፍትማስተር ሞተሮች ላይ ይህ የሚደረገው ሞተሩ ላይ ያለውን የማስተዋወቂያ ቁልፍ መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ፣ 6 ሴኮንድ ያህል፣ ተጭኖ በመያዝ ነው። የራስዎም ሪሞት አብሮ ስለሚጠፋ እንደገና ያስተዋውቁት፤ ቁጥር ተጭኖ በሩን የሚከፍተውን የኪፓዱንም ኮድ ይለውጡ። መኪናዎን በሚሸጡበት ጊዜ ደግሞ መስታወቱ ላይ ወይም ጣሪያው ላይ ያለው ሆምሊንክ የሚባለው፣ መኪናው ውስጥ የተገጠመ የጋራዥ ሪሞት የቤትዎን በር ይዞ እንዳይሄድ፣ ዳርና ዳር ያሉትን ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ተጭነው ይያዙና መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር ይልቀቁ።

ደረጃ 3፦ ቀዩ ገመድ

ከሞተሩ ሐዲድ ላይ የሚንጠለጠለው ባለ ቀይ እጀታ ገመድ መብራት ሲጠፋ በሩን ከሞተሩ አላቆ በእጅ ለመክፈት የሚያገለግል ነው። ሌቦች ከበሩ ጫፍ በላይ ባለው ክፍተት የታጠፈ የልብስ ማንጠልጠያ ሽቦ አስገብተው ይህንኑ ገመድ ወይም የሚስበውን ማንሻ በመጎተት በሩን ያለ ድምፅ ያነሱታል። አንዳንድ ሰዎች መፍትሔ ይሆናል ብለው ገመዱን ቆርጠው ይጥሉታል፤ ይህን ፈጽሞ አያድርጉ። በ2017 በሰሜን ካሊፎርኒያ ሰደድ እሳት ሲነሳ መብራት ጠፍቶባቸው የጋራዥ በራቸውን መክፈት አቅቷቸው የሞቱ ሰዎች ነበሩ፤ ግዛቲቱም ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ የሚሸጡ የቤት ጋራዥ ሞተሮች መጠባበቂያ ባትሪ እንዲኖራቸው በሕግ ደንግጋለች። ትክክለኛው መንገድ ሽቦው ወደ ማንሻው እንዳይደርስ የሚጋርድ፣ ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ መከለያ መግጠምና በበሩ ጫፍ ያለውን ክፍተት በጎማ ማጥበብ ነው። ከጨረሱ በኋላ ገመዱን ከውስጥ ስበው በሩ እንደሚላቀቅ ይፈትሹ። ፈተናውን በሩ ተዘግቶ ሳለ ያድርጉት፤ ተከፍቶ እያለ ቢላቀቅ በኃይል ሊወድቅ ይችላል። ከበሩ በላይ ያለውን ትልቁን ሞላ ግን አይንኩ፤ በከፍተኛ ኃይል የተወጠረ በመሆኑ ሰው ሊገድል ስለሚችል ለባለሙያ የሚተው ነው።

ደረጃ 4፦ መኪናውንና ዕቃውን ማስተካከል

በኛ ቤቶች ጋራዡ በሻንጣ፣ በጤፍ ጆንያና ለሀገር ቤት በተዘጋጀ ዕቃ ይሞላና መኪናው ውጭ ያድራል። ውጭ ያደረው መኪና የፀሐይ መከላከያው ላይ ሪሞት ከተሰካበትና ሰነዱ ላይ አድራሻ ካለበት፣ መስታወቱን የሰበረ ሁሉ የቤቱን በር በእጁ አስገባ ማለት ነው። ታክሲና ኡበር የሚሠሩ ወገኖቻችን የሚወዱት ፕሪየስ፣ በተለይ ከ2004 እስከ 2009 የተሠራው፣ በውስጡ ባሉት ውድ ማዕድናት ምክንያት ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ (የጭስ ማጣሪያው) ብዙ ጊዜ ይሰረቃል። ስለዚህ ግማሽ ቀን ሠውተው ጋራዡን ያስለቅቁና መኪናውን ያስገቡ። ቦታው የማይበቃ ከሆነ ትልቁን ሪሞት ትተው ከቁልፍ ጋር የሚንጠለጠለውን ትንሹን ይጠቀሙ።

መሰላልን በሰንሰለት አስረው ያስቀምጡ፤ ወደ ፎቁ መስኮት የሚያደርሰው እርሱ ነው። የጋራዡ መስኮት ካለ በማያሳይ ፕላስቲክ ይሸፍኑ፤ ከውጭም እንቅስቃሴ ሲሰማው የሚበራ መብራት ይግጠሙ። ካሜራ ጥሩ ነው፤ ግን ያልተቆለፈን በር አይቆልፍም።

ከሁሉም በላይ ግን ክፍት ተትቶ የሚያድር በር አንድም መሣሪያ አያስፈልገውም። በፍሎሪዳ የፓስኮ ካውንቲ ሸሪፍ ነዋሪዎች በየዕለቱ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ በራቸውንና መኪናቸውን እንዲፈትሹ የሚያሳስብበት ልማድ ወደ ሌሎች ከተሞችም ተዛምቷል፤ ለቤተሰብ የሚሆን ቀላል ሥርዓት ስለሆነ ለአንዱ ልጅ በኃላፊነት ቢሰጥ መልካም ነው።

ደረጃ 5፦ ለረጅም ጉዞ ሲወጡ

ለገና ወይም ለክረምት ወደ ኢትዮጵያ ለሳምንታት ሲሄዱ ትልቁን በር ከውስጥ በተንሸራታች መወርወሪያ ይቆልፉ፤ ከመቆለፍዎ በፊት ግን ሞተሩን ከሶኬት ይንቀሉ፤ አለዚያ በስህተት የተጫነ ሪሞት የተቆለፈውን በር እየጎተተ ሁለቱንም ይሰብራል። የብስክሌቶችንና የኤሌክትሪክ መሣሪያዎችን መለያ ቁጥር ፎቶ አንስተው ከጋራዡ ውጭ ያኑሩ፤ ኢንሹራንስም ሆነ ፖሊስ የሚጠይቀው እርሱን ነው። ተመልሰው በሩ ተገንጥሎ ወይም ተከፍቶ ካገኙት ወደ ውስጥ አይግቡ፤ ከቤቱ ራቅ ብለው 911 ይደውሉና ፖሊስ ቤቱን እስኪፈትሽ ይጠብቁ፤ ከዚያም በዚያው ቀን ሪሞቶቹን ሁሉ አጥፍተው የኪፓዱን ኮድና የውስጠኛውን በር ቁልፍ ያስለውጡ።