የሞባይል አፕን ከዲበገርና ከክትትል መከላከል፦ ከማኒፌስቱ እስከ ሰርቨሩ

አፓችሁ የሚሠራው በሌላ ሰው ስልክ ላይ ነው። የስልኩ ባለቤት ከፈለገ ሩት ያደርገዋል (የሲስተሙን ሙሉ ሥልጣን ይይዛል)፣ ኤፒኬውን (የአፑን መጫኛ ፋይል) ይበትነዋል፣ አፑ እየሠራ ሳለ ዲበገር በሚባል መሣሪያ አስቁሞ ውስጡን ያያል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ይህን ሰው ያዘገዩታል፤ መኖሩንም ያሳብቁበታል። ፈጽሞ አያስቆሙትም። ለገንዘብ ማስተላለፊያ፣ ለጨዋታ ወይም ለሕክምና መዝገብ አፕ መዘግየቱ ራሱ ዋጋ አለው። ለአየር ትንበያ አፕ ግን ከደረጃ 1 ማለፍ ትርፉ ድካም ነው።

አጥቂው በሦስት መንገድ ይመጣል። የመጀመሪያው የጃቫና የኮትሊን ኮድ የሚታይበት ጄዲደብሊውፒ የተባለው ፕሮቶኮል ነው፤ አንድሮይድ ስቱዲዮም ዲበግ የሚያደርገው በዚሁ ነው። ሁለተኛው የሊኑክስ ከርነል ለዲበገሮች የሚሰጠው ፒትሬስ የሚባል ሲስተም ኮል (ፕሮግራም ከርነሉን የሚጠይቅበት ጥሪ) ሲሆን ጂዲቢ፣ ኤልኤልዲቢና ኤስትሬስ በእሱ ይሠራሉ። ሦስተኛው እንደ ፍሪዳ ያለ መሣሪያ አፑ ሚሞሪ ውስጥ ገብቶ ፈንክሽኖችን ከውስጥ የሚጠልፍበት ነው። የአንዱ ወጥመድ ሌላውን አይዝም፤ ብዙ አፖች የሚሸነፉትም አንዱን ዘግተው ሁሉንም የዘጉ ስለሚመስላቸው ነው።

የትእዛዞችንና የፋይሎችን ስም እንደሚነበቡ ጽፈናል።

ደረጃ 1፦ የምትለቁትን ስሪት አጽዱ

በማኒፌስቱ (የአፑ መግለጫ ፋይል) ውስጥ ዲበገብል የሚለው ዋጋ በሚለቀቀው ስሪት ላይ ፎልስ መሆን አለበት። ግሬድል ይህን በራሱ ያደርጋል፤ ችግር የሚመጣው አንድ ሰው ለሙከራ ትሩ ብሎ በእጁ ጽፎ ሲረሳው ነው። ፕሌይ ስቶር እንዲህ ያለውን ፋይል አይቀበልም። በቴሌግራም ቻናል ወይም በድረ ገጽ የሚከፋፈለውን ኤፒኬ ግን ማንም አይፈትሽላችሁም፤ ስለዚህ ከመልቀቃችሁ በፊት ፋይሉን በኤኤፒቲ መሣሪያ ዳምፕ ባጂንግ በሚለው ትእዛዝ አይታችሁ አፕሊኬሽን ዲበገብል የሚል መስመር አለመኖሩን አረጋግጡ።

ቀጥላችሁ አር8 የተባለውን የአንድሮይድ ኮድ ማሳነሻ መሣሪያ አብሩ። የክላሶችንና የፈንክሽኖችን ስም ወደ ትርጉም አልባ ፊደላት ይለውጣል። የሎግ መስመሮችንም እንዲያወጣ አሱምኖሳይድኢፌክትስ የሚለውን ሕግ ጨምሩለት፤ ይህ ሕግ የሚሠራው ኦፕቲማይዝ የሚል ቃል ያለበትን መነሻ የፕሮጋርድ ፋይል ስትጠቀሙ ብቻ ነው። የማፒንግ ፋይሉን (የተለወጡትን ስሞች ከዋናዎቹ ጋር የሚያዛምደውን) በየስሪቱ ለይታችሁ አስቀምጡ። ከጠፋ ከተጠቃሚ የሚመጣውን የብልሽት ሪፖርት ራሳችሁም አታነቡትም።

በሲ ወይም በሲፕላስፕላስ የተጻፈ ላይብረሪ ካላችሁ ሲምቦሎቹን (በፋይሉ ውስጥ የቀሩትን የፈንክሽን ስሞች) ስትሪፕ አድርጉ፣ ቪዚቢሊቲውን ሂድን በሉት፣ ፈንክሽኖቹንም ጃቫ ብሎ በሚጀምረው ረጅም ስም ከማውጣት ይልቅ ሬጂስተርኔቲቭስ በሚለው ጥሪ አስመዝግቡ። አለበለዚያ አጥቂው የትኛው ፈንክሽን ፒን ኮድ እንደሚፈትሽ ከስሙ ያነባል።

ደረጃ 2፦ የጃቫውን በር ፈትሹ

ሁለት ፍተሻ ይበቃል። አንደኛው ከአፕሊኬሽን ኢንፎ ላይ ፍላግ ዲበገብል የሚባለውን ቢት ማየት ነው፤ ዋጋው 2 ነው። ፎልስ አድርገነው ለምን እንፈትሻለን? አጥቂው ኤፒኬውን በአፒኬቱል ፈትቶ ዋጋውን ወደ ትሩ ስለሚለውጠውና በራሱ ቁልፍ ፈርሞ መልሶ ስለሚጭነው ነው። ሁለተኛው ኢዝ ዲበገር ኮኔክትድ የሚለው ጥሪ ነው። በሩት ስልክ ላይ አርኦ ዲበገብል የተባለው የሲስተም ዋጋ 1 ሲደረግ በብዙ የአንድሮይድ ስሪቶች ሁሉም አፕ ለጄዲደብሊውፒ ክፍት ይሆናል፤ ኤፒኬው ስላልተነካ የመጀመሪያው ፍተሻ ምንም አያይም፣ ሁለተኛው ግን ያያል።

ከዚህ ጋር የፊርማውን ሰርተፊኬት ሻ256 (የሰርተፊኬቱ የጣት አሻራ የሆነውን ሃሽ) ከሚጠበቀው ጋር አነጻጽሩ። ወጥመዱ እዚህ ነው፦ ፕሌይ አፕ ሳይኒንግ የምትጠቀሙ ከሆነ ተጠቃሚው ስልክ ላይ የሚደርሰው ፊርማ ጉግል ዘንድ የተቀመጠው ቁልፍ እንጂ እናንተ ፋይሉን ስትልኩ የፈረማችሁበት አይደለም። የእናንተን የአፕሎድ ቁልፍ አስገብታችሁ ከለቀቃችሁ አፑ ቢሮ ውስጥ በደንብ ይሠራል፣ ከስቶር ያወረደው ሰው ሁሉ ዘንድ ግን ራሱን ይዘጋል። ትክክለኛውን ዋጋ ከፕሌይ ኮንሶል የፊርማ ገጽ ላይ ቅዱ።

ደረጃ 3፦ ፒትሬስን እጅ ከፍንጅ ያዙ

ከርነሉ ስለ እያንዳንዱ ፕሮሰስ በፕሮክ ሰልፍ ስታተስ ፋይል ውስጥ ትሬሰርፒድ የሚል መስመር ይጽፋል። ማንም ካልተያያዘ ዋጋው 0 ነው፤ ከዚያ ሌላ ከሆነ ቁጥሩ የዲበገሩ ፕሮሰስ መለያ ነው። ፍተሻው ቀላል ነው፤ ልዩነቱ የሚመጣው ከአነባበቡ ነው።

ፋይሉን በተለመደው ኤፍኦፕን ከከፈታችሁት አጥቂው ሊብሲ (የሲስተሙ መሠረታዊ የሲ ላይብረሪ) ውስጥ ያለውን ያንኑ ፈንክሽን ጠልፎ 0 የተጻፈበት የሐሰት ፋይል ያቀርብላችኋል። ስለዚህ ሲስተም ኮሉን በአሴምብሊ በቀጥታ ጥሩ። በ64 ቢት አርም ላይ ኦፕንአት 56፣ ክሎዝ 57፣ ሪድ 63 ነው፤ ቁጥሩ በኤክስ8 ሬጅስተር ይገባል፣ ከዚያ ኤስቪሲ 0 ይጠራል። አጥቂው ይህንንም ፈልጎ ማግኘት ይችላል፤ ሆኖም አንድ ቦታ በመጥለፍ አይገላገልም፣ የተጻፈበትን ቦታ ሁሉ መፈለግ አለበት።

ፍተሻውን አፑ ሲነሳ አንድ ጊዜ ብቻ ማድረግ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ እንደመሄድ ነው፤ ዲበገሩ ከደቂቃ በኋላ ይመጣል። ከኢኒት አሬይ ጀምሩ፤ እሱ ላይብረሪው ሲጫን ከጄኤንአይ ኦንሎድ እንኳ ይቀድማል። ከዚያ በተለየ ትሬድ በ3 እና በ10 ሰከንድ መካከል በሚለዋወጥ ክፍተት ድገሙት፤ ከእያንዳንዱ ክፍያ ወይም የይለፍ ቃል ፍተሻ በፊትም ጨምሩት። በየ50 ሚሊሰከንዱ ማንበብ ግን ባትሪ ከመጨረስ ሌላ ጥቅም የለውም።

አንድ ፕሮሰስ በአንድ ጊዜ የሚኖረው ትሬሰር አንድ ብቻ ስለሆነ አንዳንዶች ቦታውን ራሳቸው ይይዙታል። አፑ በፎርክ ልጅ ፕሮሰስ ይፈጥራል፣ ልጁም በፒትሬስ ወላጁን ይይዛል። ሐሳቡ ብልህ ነው፤ ክፍያው ግን ውድ ነው። አንድሮይድ የሚለቀቁ አፖችን ደምፐብል ያልሆኑ (ሚሞሪያቸው ለሌላ ፕሮሰስ የተዘጋ) አድርጎ ስለሚያስነሳ መያዙ መጀመሪያ አይሳካም፤ ወላጁ በፒአርሲቲኤል ዋጋውን ለጊዜው 1 አድርጎ ልጁ ከያዘ በኋላ ወደ 0 መመለስ አለበት። ልጁ ደግሞ ወላጁን የሚያቆመውን ሲግናል ሁሉ እየተቀበለ ካላስተላለፈ አፑ ደርቆ ይቀራል። ከሁሉ የሚብሰው፣ የአንድሮይድ የብልሽት መዝጋቢም የሚሠራው በፒትሬስ ነው፤ ቦታው ስለተያዘ አፑ ሲወድቅ መዝገብ አይገኝም። የብልሽት ሪፖርት ለምትፈልጉ ሰዎች ይህን ዘዴ አንመክርም።

ደረጃ 4፦ ፍሪዳ

ደረጃ 3ን ብቻ የሠራ አፕ በፍሪዳ ፊት ራቁቱን ነው። ፍሪዳ ፒትሬስን የሚጠቀመው ለመግቢያ ያህል ነው፤ ላይብረሪውን አስገብቶ ወዲያው ይላቀቃል፣ ትሬሰርፒድም ወደ 0 ይመለሳል። ስልኩ ሩት ካልሆነ ደግሞ ጋጄት የተባለውን ላይብረሪ ኤፒኬው ውስጥ ከትተው እንደገና ይፈርሙታል፤ ያኔ ፒትሬስ ጭራሽ አልተነካም። እዚያ ላይ የሚያድናችሁ የደረጃ 2 የፊርማ ፍተሻ ነው። ለሌላው የሚከተሉትን ምልክቶች ፈልጉ።

ፖርት 27042 የፍሪዳ ሰርቨር መነሻ ፖርት ነው። በአንድ ቃል ትእዛዝ ስለሚለወጥ የሚይዘው ጀማሪውን ነው፤ አስገቡት፣ አትመኑበት።

የትሬድ ስሞች የተሻሉ ናቸው። በፕሮክ ሰልፍ ታስክ ሥር በእያንዳንዱ ትሬድ ኮም የሚባለው ፋይል ስሙን ይይዛል፤ ጉም ጄኤስ ሉፕ፣ ፑል ፍሪዳ፣ ጂሜይን እና ጂዲባስ የሚሉትን ፈልጉ። ኋለኞቹ ሁለቱ ጂሊብ ከተባለው ላይብረሪ የመጡ ስለሆኑ አፓችሁ ለቪዲዮ ጂስትሪመርን የሚጠቀም ከሆነ ያለ ፍሪዳም ይገኛሉ። በእነሱ ብቻ ፍርድ አትስጡ።

ሦስተኛው የሚሞሪ ካርታው ነው፣ ማለትም ፕሮክ ሰልፍ ማፕስ። የፍሪዳን ስም ብቻ መፈለግ ሞኝነት ነው፤ ስሙን ቀይሮ የሚገነባ ብዙ ነው። ከዚያ ይልቅ የማስኬድ ፈቃድ ኖሮት ከየትኛውም ፋይል ያልመጣ ክልል ፈልጉ። ነገር ግን አንድሮይድ ራሱ ጂት ካሽ የሚባል፣ አፑ እየሠራ የሚተረጎም ኮድ የሚቀመጥበት እንዲህ ያለ ክልል አለው፤ ዌብቪው (አፕ ውስጥ ድረ ገጽ ማሳያ) የከፈተ አፕም ለጃቫስክሪፕቱ ይፈጥራል። እነዚህን ሳታወጡ ከለቀቃችሁ ንጹሑን ተጠቃሚ ሁሉ ሌባ ታደርጉታላችሁ።

አራተኛውና ጠንካራው የኮዱን ባይቶች ማነጻጸር ነው። ፍሪዳ የሲ ፈንክሽን ሲጠልፍ መጀመሪያው ላይ የዝላይ ትእዛዝ ይጽፋል፤ በ64 ቢት አርም ላይ ይህ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 16 ባይት ይደርሳል። እንደ ኦፕን፣ ሪድና ኤስቲአርኤስቲአር ያሉ ፈንክሽኖችን የመጀመሪያ ባይቶች ዲስክ ላይ ካለው የሊብሲ ፋይል ጋር አነጻጽሩ፤ የራሳችሁንም ላይብረሪ እንዲሁ። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ አንድሮይድ 10 በ64 ቢት አርም ላይ የሲስተም ላይብረሪዎችን ኮድ የሚሠራ ግን የማይነበብ አድርጎ ጭኖ ነበር። ፈቃዱን ከማፕስ ሳታዩ ካነበባችሁ አፑ በሴግፎልት (ባልተፈቀደ የሚሞሪ ንባብ ስህተት) ይወድቃል፤ ዘመናዊ ስልክ ላይ ብቻ የሞከረ ቡድን ይህን የሚሰማው ከተጠቃሚ ነው።

የጃቫ ሜተዶች ጠለፋ ግን በዚህ አይታይም፤ የሚለወጠው የሜተዱ መግቢያ ጠቋሚ እንጂ ኮዱ አይደለም። ቁም ነገር የያዘውን ፍተሻ ወደ ሲ ላይብረሪ ማዛወር የሚመከረው ለዚህ ነው።

የጊዜ ልኬትም በየመመሪያው አይጠፋም፦ ሁለት መስመር መካከል ብዙ ጊዜ ካለፈ ዲበገር አለ ይባላል። 2 ጊጋ ራም ባለው ስልክ ላይ ጋርቤጅ ኮሌክተሩ በመሃል ሲገባ ያው መዘግየት ይመጣል። ተዉት።

ደረጃ 5፦ አይፎን

ፒትሬስን በ31 ቁጥር፣ ማለትም ፒቲ ዲናይ አታች በሚለው፣ ስትጠሩ ዲበገር መያያዝ ይከለከላል፤ ቀድሞ ተያይዞ ከሆነ አፑ በኮድ 45 ይዘጋል። አጥቂው በፒትሬስ ላይ ብሬክፖይንት አድርጎ 31ን ወደ ሌላ ቁጥር ስለሚለውጠው እዚህም ሲስተም ኮሉን በቀጥታ ጥሩ፤ ቁጥሩ 26 ነው፣ በኤክስ16 ይገባል። ደጋፊ ፍተሻ እንዲሆን በሲስሲቲኤል የራሳችሁን ፕሮሰስ መረጃ አምጥታችሁ ፒ ትሬስድ የተባለውን ቢት እዩ፤ ዋጋው 2048 ነው። ሁለቱንም በዲበግ ስሪት ውስጥ ዝጉ፤ አለበለዚያ የራሳችሁ ኤክስኮድ አፑን ማስነሳት ያቅተዋል።

ደረጃ 6፦ ስትይዙት ምን ታደርጋላችሁ

አብዛኛው ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው። ፍተሻዎቹን ሁሉ አንድ ፈንክሽን ውስጥ ሰብስቦ አዎ ወይም አይደለም የሚል መልስ መስጠት የተለመደ ነው፤ አጥቂው ያንን አንድ ፈንክሽን ሁልጊዜ አይደለም እንዲል ያደርገዋል፣ ነገር ዓለሙ ያበቃል። ፍተሻዎቹን በተለያዩ ላይብረሪዎችና ቦታዎች በትኑ፤ ውጤታቸውንም ኢፍ ላይ ከማቆም ይልቅ ስሌት ውስጥ አስገቡት። ለምሳሌ የኮዱን ሃሽ ከሌላ ግብዓት ጋር ደባልቃችሁ የፋይል መፍቻ ቁልፍ ብታወጡበት፣ ኮዱ ከተነካ ቁልፉ ይሳሳታል፤ አጥቂው የሚጠልፈው ጥያቄ የለም።

አፑን ወዲያው አትዝጉ። አፑ በተያዘበት መስመር ላይ ከወደቀ ፍተሻው የት እንዳለ ለአጥቂው ነገራችሁት ማለት ነው። ምልክቱን ለሰርቨሩ ላኩ፣ ክፍለ ጊዜውን ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በሌላ ምክንያት እንደተቋረጠ አድርጉ፣ ወይም የዝውውር ጣሪያውን ዝቅ አድርጉ። ከባዱን እርምጃ በአንድ ምልክት ብቻ ሳይሆን ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ሲገጥሙ ውሰዱ።

ደረጃ 7፦ ፍርዱን ወደ ሰርቨር ውሰዱ

ለአንድሮይድ ፕሌይ ኢንተግሪቲ አፑና ስልኩ ያልተነኩ ስለመሆናቸው፣ ለአይፎን ከአይኦኤስ 14 ጀምሮ ያለው አፕ አቴስት ደግሞ አፑ የእናንተው ስለመሆኑና በእውነተኛ የአፕል መሣሪያ ላይ ስለመሥራቱ የተፈረመ ማረጋገጫ ይሰጣሉ። ሰርቨራችሁ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ዋጋ ይላክ፣ ማረጋገጫውም ሰርቨሩ ላይ ይፈተሽ፤ ስልኩ ላይ የተፈተሸ ማረጋገጫ እንዳልነበረ ቁጠሩት። የፕሌይ ኢንተግሪቲ መነሻ ገደብ በቀን 10,000 ጥያቄ ነው፤ ለመግቢያና ለትልቅ ዝውውር ብቻ ካላዋላችሁት በበዓል ቀን ያልቃል። ገደቡን ለማስጨመር በኮንሶሉ ቀድማችሁ አመልክቱ።

እዚህም ንጹሑን ሰው አስቡ። ከ2019 በኋላ የወጡ ብዙ የሁዋዌ ስልኮች የጉግል አገልግሎት የላቸውም፤ ማረጋገጫ አያመጡም። አፑን ከጓደኛው በቴሌግራም የተቀበለ ሰውም ፈቃድ የሌለው ተብሎ ይመለሳል። እነዚህን በሩ ላይ ከመመለስ ዝቅተኛ ጣሪያና ተጨማሪ የፒን ጥያቄ መስጠት ይሻላል።

ደረጃ 8፦ ራሳችሁ አጥቁት

ማጂስክ የተባለው የሩት ማድረጊያ የተጫነበት አንድ ስልክና ሩት ያልሆነ አንድ ርካሽ ስልክ ያዙ። በመጀመሪያው ላይ ኤልኤልዲቢን አያይዙ፣ ፍሪዳን በሁለት መንገድ አስገቡ፦ አንዴ አፑን ራሱ ፍሪዳ እንዲያስነሳው፣ አንዴ ከተነሳ በኋላ። ብዙ መከላከያ በሁለተኛው ይሠራና በመጀመሪያው ይወድቃል፤ ፍሪዳ ቀድሞ ስለደረሰ ፍተሻዎቹን ሳይጀምሩ ይጠልፋቸዋል። በርካሹ ስልክ ላይ ደግሞ አፑን ለሁለት ቀን እንደ ተራ ሰው ተጠቀሙበት፣ ዌብቪው ክፈቱ፣ ኢንተርኔት አጥፉና አብሩ፣ አንድም የሐሰት ማንቂያ ወደ ሰርቨሩ እንዳልሄደ ተመልከቱ። አዲስ የፍሪዳ ስሪት በወጣ ቁጥር የመጀመሪያውን ሙከራ፣ አዲስ አንድሮይድ በወጣ ቁጥር ሁለተኛውን ድገሙ።