የኢቨንት ሎግ ኖቲፊኬሽን ስትቀበሉ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ጅማ ላይ ጠፍቶ የቆየ መብራት ሲመጣ የቡና መጋዘኑም የፋርማሲውም ኮምፒዩተር ይነሳል። ዊንዶውስም በኢቨንት ሎግ (በኮምፒዩተሩ የሚሆነውን በሚጽፍበት መዝገብ) ላይ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ኢቨንት ያከታትላል፤ ኮምፒዩተሩ በወጉ ሳይዘጋ መጥፋቱን የሚናገሩት ቁጥር 41 እና 6008 ኢቨንቶች ከነዚህ መካከል ናቸው። ኢቨንት ሲጻፍ ኖቲፊኬሽን (ማሳወቂያ) የሚቀበለው ኮዳችሁ የሚፈተነው ያኔ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት አንድ ኖቲፊኬሽንን እንደ አንድ ኢቨንት መቁጠር ነው። ሎጉን ለማንበብና ለመጻፍ በሚያገለግለው የዶት ኔት (የማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያ) «ኢቨንት ሎግ» ክላስ፣ 40 ኢቨንት ቢጻፍም በ6 ሰከንድ ውስጥ አንድ ኖቲፊኬሽን ብቻ ሊደርሳችሁ ይችላል። የቀረው ብዙውን ጊዜ አይጠፋም፣ ይዘገያል። እባካችሁ በዚህ ቆጥራችሁ ለደንበኛ ሪፖርት አታውጡ! ልጅ ተልኮ «ቡና ጠጡ» ሲላችሁ መጠራታችሁን እንጂ ስንት ሰው እንደተቀመጠ አይነግራችሁም፤ ገብታችሁ ነው የምታዩት። ኖቲፊኬሽንም እንደዚያው ነው። መጨረሻ ያነበባችሁትን ኢቨንት የኢንዴክስ (የተራ) ቁጥር ያዙ፣ ጥሪው ሲመጣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ አንብቡ። በየደቂቃው ሳይጠራም የሚያነብ ታይመር ጨምሩበት።

አዲስ ከሆነ ሥራችሁ «ኢቨንት ሎግ ዋቸር» የተባለውን ሌላ የዶት ኔት ክላስ ከቡክማርክ (የት ድረስ እንደተነበበ ከሚይዝ ምልክት) ጋር ተጠቀሙ፤ ካቆመበት ይቀጥላል። ቡክማርኩን ግን ኢቨንቱን ሠርታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ አስቀምጡ። ቀድማችሁ ካስቀመጣችሁና መሃል ላይ መብራት ከሄደ ያ ኢቨንት ይዘለላል። በኋላ ሲቀመጥ አንድ ኢቨንት ሁለቴ ሊመጣ ስለሚችል ኮዱ ድግግሞሽ የሚችል፣ ሁለቴ ቢሠራውም ውጤቱ የማይበላሽ ይሁን። የቡክማርኩን ፋይልም በጊዜያዊ ስም ጽፋችሁ ስሙን ቀይሩ፤ በነባሩ ላይ ስትጽፉ መብራት ከጠፋ ግማሹ ብቻ ይቀራል።

ኖቲፊኬሽን የሚቀበለው ኮድ ስህተት ሲገጥመው እዚያው በሚያዳምጠው ሎግ ላይ አይጻፍ። የጻፈው ራሱን መልሶ ይጠራዋል፣ እሱም ደግሞ ይጽፋል፤ ፕሮግራሞች የሚጽፉበት አፕሊኬሽን ሎግ መጠኑ ካልተቀየረ 20 ሜጋባይት ነው፣ ሲሞላ የድሮውን እያጠፋ ይጽፋል። የምትፈልጉት ማስረጃ አብሮ ይሄዳል። ለራሱ ስህተት የተለየ ፋይል ስጡት።

በ«ኢቨንት ሎግ» ክላስ ምንም ኖቲፊኬሽን ካልመጣ ማዳመጡን የሚያበራው «ኢኔብል ሬይዚንግ ኢቨንትስ» ትሩ መሆኑን እዩ።

የሌላ ኮምፒዩተር ሎግ በ«ኢቨንት ሎግ» ክላስ ይነበባል እንጂ ኖቲፊኬሽን አይላክበትም።

ሶርስ (ፕሮግራሙ በሎጉ ላይ የሚጽፍበት ስም) መፍጠር የአድሚን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፕሮግራሙ ሲጫን ይፈጠር እንጂ ገንዘብ ተቀባይዋ ስትከፍተው አይሁን።

ደንበኛው ጋ ከመውሰዳችሁ በፊት በሉፕ 50 ኢቨንት ጻፉ፣ መሃል ላይ ኖቲፊኬሽን የሚቀበለውን ፕሮግራም በታስክ ማኔጀር ግደሉት፣ መልሳችሁ አስነሱትና 50ዎቹም መድረሳቸውን ቁጠሩ።