ሶሊድወርክስ ላይ መስመር ፕሌኑን የሚበሳበትን ነጥብ ስኬች ውስጥ እንዴት እንደምትይዙት

ባህር ዳር ፖሊ ካምፓስ ያላችሁ የኢንጂነሪንግ ልጆች በሶሊድወርክስ (የ3ዲ ዲዛይን ሶፍትዌር) ዲዛይን ፕሮጀክት ስትሠሩ፣ አንድ መስመር ፕሌንን (ጠፍጣፋ ወለልን) የሚበሳበትን ነጥብ ስኬች (ፕሌን ላይ የሚሳል ሥዕል) ውስጥ ለመያዝ ብዙ ሰዓት ስለምታቃጥሉ በአንድ ምሳሌ እንየው። ከባህር ዳር ዘጌ የሚመላለስ ዓይነት የሞተር ጀልባ አስቡ፣ ሞተሩ ውስጥ ነው፣ ሻፍቱ (ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ዘንግ) ግን ወደ ኋላ እያዘቀዘቀ የሞተር ክፍሉን ግድግዳ በስቶ ነው ወደ ፕሮፔለሩ የሚሄደው። ግድግዳው ላይ የት ጋ ይበሳል?

ራይት ፕሌን (ጀልባውን ከጎን የሚያሳየው) ላይ ስኬች ክፈቱና ከኦሪጅን (ከዜሮ ነጥቡ) ተነስታችሁ በ12 ዲግሪ ወደ ኋላ የሚወርድ ሴንተርላይን ሳሉ፣ ሻፍታችን እሱ ነው፣ ከግድግዳው አልፎ እንዲሄድ ረዘም አድርጉት። ከዛ ከፍሮንት ፕሌን ወደ ኋላ 500 ሚሊ የራቀ ፕሌን ፍጠሩ፣ ግድግዳችን እሱ ነው፣ አዲስ ስኬች እሱ ላይ ክፈቱ።

እዚህ ጋ ሁሉም ሰው ኮንቨርት ኢንቲቲስ (ሌላ ቦታ የተሳለን ወደ ስኬቹ የሚገለብጥ ትዕዛዝ) ላይ ይሮጣል። ተዉት። እሱ የሚሰጣችሁ የመስመሩን ጥላ ነው፣ ግድግዳው ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር ይወጣላችኋል፣ ጫፉም ሴንተርላይኑን የት እንዳቆማችሁት ነው የሚያሳየው እንጂ ከሚበሳበት ቦታ ጋ አይገናኝም። ይልቅ አንድ ፖይንት የትም ጣሉ፣ እይታውን ወደ አይሶሜትሪክ አዙሩት (ፊት ለፊት እያያችሁ መስመሩን መምረጥ አይን ያፈዛል)፣ ኮንትሮል ይዛችሁ ፖይንቱንና ሴንተርላይኑን ምረጡና ፒርስ (መስመሩ ፕሌኑን የሚበሳበት ላይ ፖይንቱን የሚያስር ሪሌሽን) በሉት። ኮይንሲደንት (መስመሩ ላይ ይሁን የሚል ሪሌሽን) ካላችሁት ግን ፖይንቱ ጥላው ላይ ወደላይ ወደታች ሲንሸራተት ይውላል። ፒርስ ከሆነ ሄዶ ከኦሪጅን 106.28 ሚሊ ዝቅ ብሎ ቁጭ ይላል። አሁን ግድግዳውን 700 ላይ ውሰዱት፣ 148.79 ይሆናል፣ ስኬቹን ሳትነኩት።

የፍላንጁን (የሻፍቱ ቱቦ ግድግዳው ላይ የሚታሰርበት ቀለበት) ቡሎኖች በዚህ ፖይንት ዙሪያ ደርድሩ። የቱቦውን ቀዳዳ ግን እዚሁ ክብ አድርጋችሁ እንዳትስሉት፣ ቱቦው ዘንበል ብሎ ስለሚገባ 60 ሚሊ ቱቦ ግድግዳው ላይ ስፋቱ 60 ቁመቱ 61.34 የሆነ ኤሊፕስ (ሞላላ ክብ) ነው የሚፈልገው። ኤሊፕስ ከመሳል ለሴንተርላይኑ ፐርፐንዲኩላር የሆነ ፕሌን ጫፉ ላይ ፍጠሩና እዛ ላይ ክብ ስላችሁ ግድግዳውን በኤክስትሩድ ከት ቁረጡት፣ ኤሊፕሱ ራሱ ይወጣል።

ስኬቹን የሚያቋርጠው መስመር ሳይሆን ሌላ ፕሌን ሲሆን ቀላል ነው። ለስኬቹ ፐርፐንዲኩላር የሆነ ፕሌን እንደ መስመር ስለሚታይ ቀጥታ ፖይንት ታስሩበታላችሁ ወይ ዳይሜንሽን ትሰጡበታላችሁ። ዘንበል ያለ ከሆነ ግን ስኬቹን ሳትከፍቱ በፊት ሪፈረንስ ጂኦሜትሪ፣ አክሲስ፣ ቱ ፕሌንስ ብላችሁ ሁለቱ ፕሌኖች የሚገናኙበትን መስመር አክሲስ አድርጋችሁ አውጡ፣ ከዛ ስኬቹ ውስጥ አንድ ሴንተርላይን ከሱ ጋ ኮሊኒየር (በአንድ መስመር ላይ) አድርጉ።

ፊውዥን (ሌላ የ3ዲ ዲዛይን ሶፍትዌር) ለምትጠቀሙ ኮንስትራክት ሜኑ ውስጥ ፖይንት አት ኤጅ ኤንድ ፕሌን አለ፣ ነጥቡን ሠርታችሁ ወደ ስኬቹ ፕሮጀክት ታደርጉታላችሁ።

ሶሊድወርክስ መስመሩን አልመርጥ ካላችሁ ትሪውን (በጎን ያለውን የሥራ ቅደም ተከተል ዝርዝር) እዩ፣ መስመሩ ያለበት ስኬች ከምትሠሩበት ስኬች በታች ከሆነ ወደላይ ጎትቱት። ደግሞ ለፒርስ የፊሌት (የተጠጋጋ ማዕዘን) ጠርዝ አትምረጡ እባካችሁ፣ ፊሌቱ የጠፋ ቀን ሪሌሽኑ ዳንግሊንግ (የታሰረበትን ያጣ) ይሆንና ስኬቻችሁ ይበላሻል።