በቅድመ ምርጫ የተሸነፈ ተፎካካሪ ለፓርቲው እጩ ድጋፍ ስለሚሰጥበት መንገድ

በአሜሪካ የፓርቲ ቅድመ ምርጫ፣ ማለትም ፓርቲው ለዋናው ምርጫ እጩውን በሚለይበት ውድድር፣ ተወዳድረው ከተሸነፉ፣ ስለ ድጋፍ ከማሰብዎ በፊት ከአሸናፊው ጋር ያለያየዎት ነገር ምን እንደሆነ ለራስዎ በግልጽ ይመልሱ። ልዩነቱ የግብር መጠን ወይም የጤና መድን አሠራር ከሆነ ድጋፍዎን ሊከለክል አይገባም፤ የመረጡዎት ሰዎች ከሚሹት አብዛኛውን የሚያገኙት ከተቃራኒው ወገን ሳይሆን ከራሳቸው ፓርቲ ነውና። ሰውየው ለሥልጣኑ አይበቃም ብለው ከልብ የሚያምኑ ከሆነ ግን የፓርቲ ታማኝነት ይህን እምነት ሊሽረው አይችልም፤ አለመደገፍዎን ከነምክንያቱ አስቀድመው ይናገሩ።

ከሁሉ የከፋው መሀል ላይ መቆም ነው። በቅድመ ምርጫው የተሸነፉት የቴክሳሱ ሴናተር ቴድ ክሩዝ በጁላይ 2016 በክሊቭላንዱ የሪፐብሊካን ጉባኤ መድረክ ላይ ወጥተው፣ ዶናልድ ትራምፕን እንኳን ደስ አለዎት ቢሉም ድጋፋቸውን ሳይሰጡ መራጩ ሕሊናውን እንዲከተል ጠየቁ፤ ንግግራቸውንም የጨረሱት በተሰብሳቢው የተቃውሞ ጩኸት መካከል ነበር። በማግስቱ ለቴክሳስ ተወካዮች፣ ባለቤታቸውንና አባታቸውን የሚያጠቃን ሰው መደገፍ ልማዳቸው እንዳልሆነ አስረዱ። ይህ ማንም ሊያከብረው የሚችል ምክንያት ነበር፤ ነገር ግን በሴፕቴምበር ትራምፕን እንደሚመርጡ ሲያስታውቁ፣ በእኔ እምነት፣ በዚያ መድረክ የከፈሉትን ዋጋ ከንቱ አደረጉት።

ለመደገፍ ከወሰኑ ሳይዘገዩ፣ የአሸናፊውን ስም እየጠሩ ይናገሩ። ሂላሪ ክሊንተን የ2008ቱ ፉክክር በተጠናቀቀ በቀናት ውስጥ፣ ጁን 7 ቀን፣ በዋሽንግተን ደጋፊዎቻቸውን ሰብስበው 18 ሚሊዮን የሚሆኑ መራጮቻቸው የደከሙበትን ሥራ ካመሰገኑ በኋላ ባራክ ኦባማን ያለ ማወላወል ደገፉ። በኦገስት በዴንቨር ጉባኤ ደግሞ የድምፅ ቆጠራው ቆሞ ኦባማ በጋራ ስምምነት እንዲመረጡ ሐሳብ ያቀረቡት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

ድርድር ነውር አይደለም፤ ለሹመት ሳይሆን ለፖሊሲ ይሁን እንጂ። በርኒ ሳንደርስ በ2016 ላሸነፏቸው ለሂላሪ ክሊንተን ድጋፋቸውን ከመስጠታቸው በፊት የ15 ዶላር ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ በፓርቲው የፖሊሲ ሰነድ እንዲካተት ታግለዋል፤ በ2020ም ጆ ባይደንን ሲደግፉ ከጤና እስከ ኢሚግሬሽን ያሉ ስድስት ጉዳዮችን የሚያጠኑ የጋራ ቡድኖች እንዲቋቋሙ ተስማምተዋል።

ደጋፊዎችዎን አይዘዟቸው፤ እርስዎን ስለወደዱ ብቻ ሌላውን ይወዳሉ ማለት አይደለምና፣ ለውሳኔዎ ያደረሰዎትን ምክንያት በዝርዝር አስረዷቸው። ከሁሉም አስቀድመው የቅስቀሳ ሠራተኞችዎን ይሰብስቡ፤ ለወራት የደከሙ ሰዎች ውሳኔውን ከዜና ሳይሆን ከራስዎ አንደበት ሊሰሙት ይገባል።