ፋብሪካው ተሸጠ ቢሏችሁ

ገላን፣ ዱከም፣ ሰበታ አካባቢ ፋብሪካ የምትሠሩ፣ «ድርጅቱ ተሸጧል» የሚል ወሬ ከሰማችሁ መጀመሪያ ተረጋጉ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ድርጅቱ ባለቤት ስለቀየረ ብቻ የሥራ ውላችሁ አይቋረጥም። አዲሱ ባለቤት ከነውላችሁ ነው የሚረከባችሁ።

ችግሩ ያለው ፊርማው ላይ ነው። «መልቀቂያ አስገቡና እንደ አዲስ እንቀጥራችኋለን፣ ፎርማሊቲ ነው» ካሏችሁ ዝም ብላችሁ እንዳትፈርሙ፣ ምክንያቱም በፈቃዳችሁ የለቀቃችሁ ተደርጎ አገልግሎታችሁ ከዜሮ ሊቆጠር ይችላል፣ የሥራ ስንብት ክፍያ ደግሞ የሚሰላው በአገልግሎት ዘመን ነው፤ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ። 10 ዓመት ለሠራ ሰው የ4 ወር ደመወዝ ማለት ነው። በዚህ ኑሮ ውድነት ቀላል ብር አይደለም!

የድሮዎቹ የአስተዳደር ሠራተኞች ሳይቀየሩ የቅጥርና የደመወዝ ጭማሪ ደብዳቤያችሁን ኮፒ አድርጉ፣ የቀራችሁን የዓመት ፈቃድ በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። ከእናንተ የሚቆረጠው 7 በመቶና አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶ ጡረታ በትክክል መግባቱንም አጣሩ። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ ተሰብስባችሁ ጠይቁ፣ ለብቻ የጠየቀ ሰው ቶሎ ዓይን ውስጥ ይገባል። ዕቁቡን አታቋርጡ፣ አዲስ ብድር ግን ለጊዜው ይቆይ።