የወፍጮ ሻፍትን ለስዊፕ ሜሽ እንዴት እናዘጋጅ?

አንድ ዕቃ ጭነት ሲያርፍበት ምን እንደሚሆን በኮምፒውተር ለማስላት ሞዴሉ ኤለመንት በሚባሉ ትናንሽ ክፍሎች ይከፋፈላል፤ ክፍፍሉ ሜሽ ይባላል። ስዊፕ ሜሽ ከአንድ ጫፍ ተነስቶ እስከ ሌላው በመደዳ የሚሄደው ነው። እሱ እምቢ ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚነካካው የኤለመንቱን መጠን ነው። ያሳንሰዋል፣ ያተልቀዋል፣ እንደገና ይሞክራል። ትርፉ ድካም ነው። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ጂኦሜትሪው ላይ ነው።

እስቲ ኮምቦልቻ ያለ ቶርኖ ቤት የሚያወጣውን የወፍጮ ሻፍት እንውሰድ። በወፍራሙ በኩል ዲያሜትሩ 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከትከሻው (ዲያሜትሩ ከሚቀየርበት ደረጃ) በኋላ 40 ይሆናል። ቀጭኑ ጫፍ ላይ ፑሊው የሚታሰርበት፣ 12 ሚሊ ስፋትና 5 ሚሊ ጥልቀት ያለው ኪይዌይ (ኪዩ የሚገባበት ቦይ) አለ። ቺንጋው ሲጎትተው ሻፍቱ የት ጋ እንደሚጨነቅ ማወቅ ፈልገናል።

ስዊፕ መነሻ ገጽ፣ መድረሻ ገጽ እና ሁለቱን የሚያገናኙ የጎን ገጾች ይፈልጋል። ፕሮግራሙ መነሻው ላይ የሠራውን ሜሽ እየደገመ እስከ መድረሻው ይሄዳል። ስለዚህ ሁለቱ ጫፎች ላይ ያሉት መስመሮች መመሳሰል አለባቸው። የጎን ገጾቹም በመደዳ የሚሸነሸኑ ይሁኑ።

መጀመሪያ አጽዱ። የተቀረጸ ጽሑፍ፣ የብሎን ጥርስ፣ ጥቃቅን ቻምፈር (በሰያፍ የተቆረጠ ጠርዝ) ይውጣ። ሜሽ ፕሮግራሙ ውስጥ ከመታገል ሞዴሉ በተሳለበት ሶሊድወርክስ ላይ ፊቸሩን ሰፕረስ ማድረግ፣ ማለትም ለጊዜው ማጥፋት ይሻላል፤ ሲያስፈልግ ይመለሳል። ትከሻው ሥር ያለውን ፊሌት (ክብ ተደርጎ የተሞላ ማዕዘን) ግን እንዳትነኩ። ስትረሱ (የብረቱ ውስጣዊ ጭንቀት) የሚከማቸው እዚያ ነው። ፊሌቱን አጥፍታችሁ ስለታም ማዕዘን ከተዋችሁ፣ ሜሹን ባሳነሳችሁ ቁጥር የስትረሱ ቁጥር ዝም ብሎ እየጨመረ ይሄዳል።

ቀጥሎ መቁረጥ። ከትከሻው ግራና ቀኝ 5 ሚሊ ያህል ራቅ ብላችሁ ሞዴሉን በፕሌን (በጠፍጣፋ ገጽ) ቁረጡ። መሃል የቀረውን ፊሌት ያለበትን አጭር ቁራጭ በኳድራቲክ ቴትራ (ጠርዞቹ መሃል ላይም ነጥብ ባለው ባለ አራት ገጽ ኤለመንት) ተዉት። ሁሉም ነገር ሄክስ (እንደ ሳጥን ባለ ስድስት ገጽ ኤለመንት) ካልሆነ የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ወፍራሙ በኩል የቀረው ንጹህ ሲሊንደር ስለሆነ ያለ ችግር ስዊፕ ይሆናል።

ጣጣ ያለው ኪይዌዩ ጋ ነው። ኪይዌዩ የሚያልቅበት ቦታ ላይ በፕሌን ስትቆርጡ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ግን ቀጥሎ ያለውን ድፍን ቁራጭ አዙራችሁ እዩት። በኪይዌዩ በኩል ያለው ጫፉ ላይ የኪይዌዩ አሻራ ታትሟል፤ በሌላው ጫፉ ላይ ክቡ ብቻ ነው ያለው። መነሻና መድረሻ አልተመሳሰሉም፣ ስዊፑም እምቢ ይላል።

መፍትሔው አሻራውን እስከ ማዶ ማድረስ ነው። የኪይዌዩን ሁለት ግድግዳና ወለል በድፍኑ ቁራጭ ውስጥ፣ እስከ ቴትራው ቁራጭ ድረስ ቀጥሉና በእነሱ ቁረጡ። የአንሲስ (የስትረስ ማስያ ፕሮግራም) ሞዴል መሥሪያ በሆነው ዲዛይንሞዴለር ላይ የኪይዌዩን ቅርጽ ኤክስትሩድ አድርጋችሁ (በርዝመቱ ጎትታችሁ) ስላይስ ማቴሪያል የሚለውን መምረጥ ነው። የኪይዌዩ ቅጥያ የሆነ ቀጭን ዘንግ ለብቻው ይወጣል፣ ዋናው ቁራጭም ሁለቱም ጫፎቹ ይመሳሰላሉ። አሻራው ቴትራው ቁራጭ ጋ ሲደርስ ያበቃል፤ ቴትራ ስለማይጨነቅበት ወደ ወፍራሙ አይሻገርም። የኪይዌዩ መጨረሻ ግማሽ ክብ ከሆነ ግን እሱንም በአጭሩ ቆርጣችሁ ለቴትራ ስጡት።

ከቆረጣችሁ በኋላ ቁራጮቹን አንድ ፓርት አድርጓቸው፤ ዲዛይንሞዴለር ላይ ፎርም ኒው ፓርት፣ ሌላው የአንሲስ ሞዴል መሥሪያ ስፔስክሌም ላይ ሼር ነው። ይህ ከተረሳ የቁራጮቹ ኖዶች (ኤለመንቶች የሚያያዙባቸው ነጥቦች) ድንበሩ ላይ አይገናኙም።

አሁን ፈትሹ። አንሲስ ላይ ሾው ስዊፔብል ቦዲስ ስትሉ ስዊፕ የሚሆኑት አረንጓዴ ይሆናሉ። አባኩስ የተባለውን ተመሳሳይ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ ቢጫ ስዊፕ፣ አረንጓዴ ስትራክቸርድ (በመደበኛ መረብ የሚከፈል)፣ ሮዝ ቴትራ ማለት ነው። ብርቱካናማ ካያችሁ ተጨማሪ መቁረጥ ይጠብቃችኋል።

የመጨረሻው በርዝመቱ ስንት ቦታ እንደሚከፈል መወሰን ነው። በተማሪ ፈቃድ የምትሠሩ ከሆነ አንሲስ ለስትራክቸራል (ለጥንካሬ ስሌት) 128 ሺህ ኖድ ወይም ኤለመንት ላይ ያቆማችኋል። ስለዚህ ወፍራሙ ላይ ቆጥቡ፣ ወደ ፊሌቱ ስትጠጉ አጥብቡ። አንሲስ ላይ ከቴትራዎቹ ሌላ አረንጓዴ ያልሆነ ቁራጭ ከቀረ ሁለቱን ጫፎች ጎን ለጎን አድርጋችሁ መስመሮቹን ቁጠሩ፤ አንደኛው ላይ የተረፈ መስመር ታገኛላችሁ።